ሐይቁ ጧት ነው የሚቆጣው

ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ለእህቴ ለአልማዝ ነው። አልማዝ አውሮፕላን አትሳፈርም፤ ሊፍት ውስጥ እንኳ ዓይኗን ጨፍና፣ የሰው ክንድ ጨብጣ ነው የምትወጣው። ስለዚህ ልጇ ሰላም ካምፓላ ሆና ስትወልድ፣ የልጅ ልጇን ክርስትና አይተሽ ነይ ብላ እኔን ላከችኝ። «ምን እንደበላችሁ ሳይቀር ንገሪኝ» ብላኛለች። በቃል እንዳልነግራት በየመሃሉ እየገባች አታስጨርሰኝም። ጽፌ ከሰጠኋት ግን እስክትጨርስ ዝም ማለቷ አይቀርም። ሌላም አገሩን የማያይ ሰው ቢያነበው ደስ ይለኛል።

እኔ ሽሮ ሜዳ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስንቱን ሙሽራ አልብሻለሁ፣ ለስንቱ ሕፃን የክርስትና ልብስ ሰፍቻለሁ። የራሴ ልጅ ግን የለኝም። ፈልጌ አጥቼ ነው እንጂ ሳልፈልግ ቀርቼ አይደለም። ታዲያ ሰላም ደውላ «እታለም፣ የልጄ የክርስትና እናት አንቺ ነሽ፤ ሌላ ሰው አልፈልግም» ስትለኝ እሺ አልኩና፣ ስልኩን ዘግቼ የሰው ቀሚስ ላይ አለቀስኩ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ቀኑ ደግሞ የነሐሴ ማለቂያ እሑድ ላይ ዋለ። ያን ቀን እዚያ መገኘት ነበረብኝ።

ረቡዕ

ከአዲስ አበባ ስወጣ ክረምቱ እንደ ልማዱ ነበር። ጧት ብራ ሆኖ ቆየና ቀትር ላይ እንጦጦ ጠቆረ፤ ቦሌ ስደርስ ያወርደው ጀመር። ዕድሜዬን ሙሉ ከእንጦጦ ሥር ስኖር የተማርኩት ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ በክረምት ሥራ ያለው ሰው በጧት ይጨርስ። ልብስም ይታጠብ፣ ስጥም ይሰጣ፣ ለቅሶም ይደረስ። ከምሳ በኋላ ያለው ጊዜ የዝናቡ ነው። ሬዲዮኑ ያለውን ይበል፤ እኔ ሬዲዮ ሰምቼ ጃንጥላ ይዤም ትቼም አላውቅም፤ እንጦጦን አይቼ ነው።

የሕፃኗን የክርስትና ልብስ ራሴ ነው የሰፋሁት፤ ነጭ፣ ጥለቱ ወርቃማ፣ እጅጌው ከአውራ ጣቴ ብዙ የማይሰፋ። አስተናጋጇ «እማማ፣ ከላይ ላስቀምጥልዎ» ብትለኝ እንቢ ብዬ ጭኔ ላይ አቀፍኩት። የጾም ምሳዬ ሲመጣም አልለቀቅኩትም። አውሮፕላኑ አንዴ ነጠር ሲል የምስሩ ወጥ ጠብ አለ፣ የት ላይ ጠብ እንዳለ መናገር አያስፈልገኝም። የሰው ምክር አልሰማ ያልኩት ከዚያ ጀምሮ ነው።

ልናርፍ ስንል ከታች ውኃ ብቻ ሆነ። ዝቅ እንላለን፣ ውኃ፤ አሁንም ዝቅ እንላለን፣ ውኃ። ጣናን አይቻለሁ፣ የቢሾፍቱንም ሐይቅ አይቻለሁ፤ ይህ ግን ወዲያ ዳር የለውም። ሐይቁ ላይ ሊያሳርፈን ነው ብዬ ማርያም ማርያም ስል ጎማው መሬት ነካ። የእንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ ለካ ከውኃው ዳር ነው። ወጥቼ ሳይ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩ የሚያቃጥል። ጃንጥላዬን ይዤ የቆምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

የሰላም ባል ዮናስ ሊቀበለኝ መጥቷል። ዮናስ የጤና ጣቢያ የክትባት ማቀዝቀዣ የሚጠግን ባለሙያ ነው፤ ሥራው ወደ ካምፓላ ካዛወረው ገና ዓመት አልሞላውም። ረጋ ያለ፣ እኔን ቀና ብሎ የማያይ ልጅ ነው። ሻንጣዬን ሲጭን እኔ በሩን ከፍቼ ገባሁ።

«እታለም፣ እርስዎ ነዎት የሚነዱት?» አለኝ።

ለካ መሪው ፊት ተቀምጫለሁ። እዚያ አገር መሪው በቀኝ ነው፣ መኪናውም ግራውን ይዞ ነው የሚሄደው። መንገዱን ሙሉ የሚመጣው መኪና ሁሉ በላያችን የሚወጣ እየመሰለኝ እግሬ የሌለ ፍሬን ሲረግጥ ነበር። መሬቱ ቀይ ነው፤ እንደ በርበሬ ቀይ። ጓሮው ሁሉ ሙዝ። ቆሻሻ ገንዳ ላይ የቆመውን ትልቅ ወፍ ሳይ ሐዋሳ የመጣሁ መሰለኝ፤ አባ ኮዳ እዚያም አለ፣ እንደዚያው የተኮሳተረ። ሞተር ብስክሌቱን ቦዳ ይሉታል፤ አንዱ ቦዳ ላይ ባል፣ ሚስት፣ ሕፃንና ፍራሽ አብረው ሲሄዱ አይቻለሁ።

ቤታቸው ማኪንድዬ ኮረብታ ላይ ነው። ከበረንዳው ሐይቁ በሩቁ ይታያል። ግቢው ውስጥ የምትኖረው አከራይዋ ማማ ጁሊየት ልትቀበለኝ ወጣችና፣ ያቺ የምታህል ደርባባ ሴትዮ ፊቴ ተንበረከከች። እኔ ደንግጬ «ኧረ በስመ አብ!» ብዬ ላነሣት ስጎነበስ ጉልበቴ ከዳኝና እኔም ተንበረከክሁ። ሁለታችንም መሬት ላይ ሆነን ተሳሳምን። ዮናስ ሁለታችንንም ሲያነሣ፣ እዚያ አገር ሴት ታላቋን ሰላም የምትለው እንደዚያ መሆኑን ነገረኝ። ለታላቅ ክብር ከኛ የሚበልጥ አገር የለም ብዬ አስብ ነበር።

እራት ማቶኬ ነበር፤ ጥሬው ሙዝ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስል፣ እኛ ዳቦ በኮባ እንደምንጋግረው። ማማ ጁሊየት ጾም ነው ስላልናት በለውዝ ወጥ አመጣችልን። ጨው ያንሰዋል፤ በርበሬ ጭራሽ የለውም። ሆዴ ግን ተስማማው።

ሕፃኗን እስከዚያ አልነካኋትም ነበር። እጄን ታጥቤ፣ ልብሴን ቀይሬ ነው የተቀበልኳት። ፊቷን አጨማዳ አየችኝና አዛጋች። ክብደት የላትም። እጄ ግን እስኪደነዝዝ አላስቀመጥኳትም።

ቴሌቪዥኑ የአየር ትንበያ ያሳይ ነበር። ሴትዮዋ ሐይቁ ላይ እጇን ታዞራለች፤ ዮናስ ይተረጉምልኛል። በሐይቁ ዙሪያ ሁለተኛው ዝናብ ዘንድሮ ቀደም ብሎ ሊገባ ይችላል፤ ሌሊትና ጧት ነጎድጓድና ኃይለኛ ነፋስ ይጠበቃል፤ ከቀትር በኋላ ይገለጣል አለች።

«ነሐሴ ሊያልቅ ዝናብ ይገባል? አሁን እኮ የሚወጣበት ነው» አልኩ።

«እዚህ እንግዲህ…» አለ ዮናስና ተወው።

«ደግሞ በጧት!» ብዬ ሳቅሁ። ዮናስም አብሮኝ ሳቀ። ሰላም ብቻ አልሳቀችም፤ ልጇን እያጠባች ነበር።

ሐሙስ

ሳይነጋ ተነሥቼ የክርስትናውን ልብስ አጠብኩ። የወጡ ነጠብጣብ ለቀቀ። ከቀትር በፊት ይደርቃል ብዬ ግቢው ውስጥ አሰጣሁት፤ የሕፃኗን አንሶላም ጨመርኩበት፤ የዮናስንም ሸሚዝ። ማማ ጁሊየት በመስኮት አየችኝ፣ ሰማዩን አየች፣ እጇን አውለበለበችልኝ። እኔም አውለበለብኩ።

ገና ሻይ ሳልጨርስ ሐይቁ ካለበት በኩል ጠቆረ። እንደኛ ዝናብ ቀስ ብሎ አስጠንቅቆ አይደለም የመጣው፤ ነፋሱ ቀደመ። ሙዙ ሁሉ ተጎነበሰ፣ የጎረቤት ቆርቆሮ ተንኳኳ፣ ከዚያ ውኃው ወረደ። ሮጬ ስወጣ አንሶላውን ያዝኩ፣ ሸሚዙን ያዝኩ፤ ትንሿ ነጭ ልብስ ግን ከገመዱ ተነሥታ አጥሩን ዘላ ሄደች። እኔ እንደ ሞኝ አፌን ከፍቼ ቆሜ ሳለሁ ማማ ጁሊየት የሙዝ ቅጠል በራሷ ላይ ይዛ በጓሮ በር ወጣች። ስትመለስ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነች። ትንሿ ልብስም ቀይ ጭቃ ሆናለች።

እዚያ ቁጭ ብዬ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ሴትዮዋ ግን ቋንቋዬን ሳታውቅ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝና ሎሚና ጨው አመጣች። አብረን አሸን፣ አብረን አጠብን፤ መብራት ጠፍቶ ስለነበር በከሰል ካውያ ተኮሰችልኝ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ የሰው ተኩስ አይጥመኝም፤ የሷን ግን እንከን አላገኘሁበትም። ማመስገኛቸውን «ዌባሌ» የምትለዋን ቃል የዚያን ቀን ተማርኩ፤ ሳልሰለች ደጋገምኳት።

ከቀትር በኋላ ሰማዩ ምንም እንዳላደረገ ሰው ሆነ። ፀሐይ፣ ወፍ፣ ደረቅ መንገድ። ትንበያው የተናገረው ልክ እንደዚያ ነበር። እኔ ግን ድንገት የሆነ ነገር ነው ብዬ ደመደምኩ። የስንት ዓመት ልምድ በአንድ ጧት ዝናብ አይሰረዝም።

ዓርብ

ጧት ዮናስ ተደወለለት። አንዲት ደሴት ላይ ያለ የጤና ጣቢያ ማቀዝቀዣ ቆሟል፤ ክትባቱ ሳይበላሽ መድረስ አለበት። የሄደ ሰው ደግሞ አድሮ ነው የሚመለሰው። ሰላም ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ።

«እሑድ እኮ ነው ክርስትናው! ባለፈውም ነገ እመጣለሁ ብለህ ስንት ቀን ቆየህ?»

«ቅዳሜ እዚህ ነኝ። ሙች።»

«አትማልብኝ።»

ነገሩ እንዳይከር ብዬ «እኔ አብሬው ሄጄ ጎትቼ አመጣዋለሁ» አልኩ። እውነቱን ለመናገር ሐይቁንም ማየት ፈልጌ ነበር።

«አንቺ ደግሞ ብትቀሪስ?» አለች ሰላም። «ቀኑ አይጠብቅም፣ ቄሱም አይጠብቁም። አንቺ ከሌለሽ ሌላ ሰው ነው የሚያነሣት።»

«ማንም አያነሣትም፤ እኔ ነኝ» ብዬ ሳምኳት። በልቤ ግን ቃሏ ቀዝቃዛ ሆኖ ተቀመጠ።

ፖርት ቤል ከሉዚራ ወረድ ብሎ ያለ የጀልባ ማረፊያ ነው። የዓሣ ሽታ፣ የናፍጣ ሽታ፣ ቢጫ ጄሪካን፣ ጭነት የሚያወርድ ሰው ጩኸት፤ መርካቶን ውኃ ዳር አውርዶ ማሰብ ነው። ቁርሴን እዚያው በላሁ። ሮሌክስ የሚሉት ቂጣ በእንቁላል ተጠቅልሎ ነው፤ ዓርብ ስለሆነ እንቁላሉን ተዉልኝ ስላቸው ሻጩ ከልቡ አዘነልኝ። ቲማቲምና ሽንኩርት አብዝቶ ሞላልኝ። ሰዓታቸውም ደስ አለኝ፤ እንደኛው ከንጋት ጀምረው ነው የሚቆጥሩት።

ጀልባዋ ረጅም የእንጨት ጀልባ ነች፣ ኋላዋ ላይ ሞተር አላት። ባለ ጀልባው ሙሳ ይባላል። እኔን «ጃጃ» አለኝ፣ አያቴ ማለት ነው፤ ይቅር አልኩት። ጭነት እስኪሞላ ቀትር ሆነ። ብርቱካናማ የነፍስ አድን ሰደርያ አለበሱኝ፣ በሐበሻ ቀሚሴ ላይ። ሐይቁ ዝም ብሎ ተኝቷል። ዮናስ ሲያንቀላፋ እኔ እጄን ውኃው ላይ እየጎተትኩ ሄድኩ። በሕይወቴ ከተደሰትኩባቸው ቀኖች አንዱ ነው።

ደሴቲቱ ስንደርስ ሴቶቹ አሸዋው ላይ መረብ ዘርግተው ጥቃቅን ዓሣ ያሰጡ ነበር። ሙኬኔ ይሉታል፤ እያንዳንዱ ከመርፌ ብዙ አይበልጥም፣ ብርማ ነው፣ እንደ ገብስ ስጥ በመጥረጊያ ይበትኑታል። ደርቆ ነው ወደ ከተማ የሚሄደው፤ ዝናብ ከመታው ይበሰብስና ልፋታቸው ሁሉ ከንቱ ነው።

«ፀሐዩ ግማሹን ከሄደ በኋላ ነው እንዴ ስጥ የሚሰጣው? ሲነጋ የት ነበሩ?» አልኩት ዮናስን።

ዮናስ ጫማውን አየ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ናካቶ ትባላለች፤ ቤቷ አንድ ክፍልና አንድ መጋረጃ ነው። አልጋዋን ለእኔ ለቃ እሷ ምንጣፍ ላይ ልትተኛ ወሰነች፤ ብከራከርም አልሆነም። እንግዳ መጣ ብላ ትልቅ ዓሣ ገዝታ ኖሯል። ዓርብ ነው፣ እኔ ዓሣ በጾም አልበላም ብዬ ስናገር ደሴት ላይ ያለ ሰው ዓሣ አልበላም ማለቱ ግራ ገባት፤ ከዚያ ግን ሳቀችና ባቄላ ጣደች። ባቄላውን ከስኳር ድንች ጋር በላሁ። ማታ ላይ ዮናስ ማቀዝቀዣው መሥራት ጀመረ ብሎ መጣ፤ እንደ መካኒክ በዘይት ጠቁሮ ነበር።

እየበላን ሬዲዮ ተከፈተ። ያው ትንበያ ነው፤ ነገ በሐይቁ ላይ ማለዳ ኃይለኛ ነፋስና ነጎድጓድ፣ ከቀትር በኋላ ጸጥታ። ደሴቲቱ ሁሉ ያን ሰዓት ያንኑ ሬዲዮ ነው የሚያዳምጠው፤ ከየቤቱ ያው ድምፅ ይሰማል።

«ከምሳ በኋላ ሂዱ» አለች ሲስተር ናካቶ።

እኔ ምን እንደምል መቼም ይታወቃል። «ከምሳ በኋላ ተነሥተን ዝናብ መሃል ሐይቅ ላይ ይያዘን? በማለዳ ነው የምንሄደው፣ ገና ሳይመጣ። ደግሞ እሑድ ክርስትና አለብኝ፤ በኋላ እያሉ መዘግየት አልወድም» አልኩ። ዮናስ ተረጎመ። ሙሳ በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። እሱና ዮናስ ተያዩ።

«እንዲህ ከሆነ… እሺ እታለም» አለ ዮናስ።

«እሺ ጃጃ» አለ ሙሳ።

ሲስተር ናካቶ ለመንገዳችን ካሳቫ መቀቀል ጀመረች።

ቅዳሜ

ገና ጎሕ ሲቀድ ተሳፈርን። ሐይቁ ጸጥ ብሏል። «አያችሁ?» አልኩ። ሙሳ ሞተሩን አስነሥቶ ዓይኑን ከኋላችን ካለው ሰማይ ላይ አልነቀለም።

ደሴቲቱ ትንሽ ሆና ስትታይ ብርሃኑ ተመልሶ ጠፋ። ሊነጋ የነበረው ቀን የመሸ መሰለ። ከዚያ ያ የሐሙሱ ነፋስ መጣ፣ ግን ሐሙስ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ማዕበሉ ጀልባዋን አንሥቶ ይፈጠፍጣታል፣ ውኃው ከላይም ከጎንም ይገባል። ሙሳ ይጮኻል፣ ዮናስ በጄሪካን ቁራጭ ውኃ ይቀዳል። እኔ ሁለት እጄን እንጨቱ ላይ አጣብቄ ያሰብኩት ስለ ሞት አይደለም፤ ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም፤ ግን ያሰብኩት በእኔ ቦታ ሌላ ሴት ሕፃኗን ታቅፋ ስትቆም ነው። ፊት የሌላት ሴት። በሰፋሁት ልብስ።

ሙሳ መንገዱን ትቶ አቅራቢያ ወዳለች ዓለት ወደሆነች ደሴት አዞረ። ሊደርስ ሲል ሞተሩ ውኃ ጠጥቶ ቆመ። የዓሣ አጥማጆች ሠፈር ነች፤ ዝናቡ ውስጥ ወጥተው፣ ወገባቸው ድረስ ገብተው ጎትተው አወጡን። እኔን አንድ ሰው እንደ ጆንያ ትከሻው ላይ አድርጎ ቆርቆሮ ዳስ ውስጥ አስቀመጠኝ። አንዲት ሴትዮ ደረቅ ልብስ ጣል አደረገችብኝና ትኩስ ሻይ ሰጠችኝ። ሰዎቹ ዳሱ ውስጥ ሰብሰብ ብለው ዝናቡ እስኪያባራ ካርታ ይጫወታሉ። መረባቸው ተጠቅልሎ ጥግ ተቀምጧል። ያን ጧት ደሴት ላይ ያለ ሰው ሁሉ ቤቱ ነበር፤ ውኃ ላይ የወጣነው እኛ ብቻ።

እየተንቀጠቀጥኩ ዮናስን አየሁት።

«ዮናስ፣ አንተ ታውቅ ነበር?»

የሸሚዙን ጫፍ መጭመቅ ጀመረ።

«እውነቱን ንገረኝ፣ አልቆጣህም።»

«አውቅ ነበር። እዚህ ዝናቡ ከሐይቁ ነው የሚመጣው፣ በጧት። ረቡዕም ልነግርዎ ፈልጌ ነበር።»

«ታዲያ እንዴት ዝም ትላለህ? ልንሞት እኮ ነበር!»

«እርስዎን እንዴት ብዬ ነው አይሆንም የምለው? የሚስቴ አክስት ነዎት፣ እንግዳ ነዎት፣ በዚያ ላይ ጓጉተው ነበር…» አለና አንገቱን ደፋ።

«ሙሳንስ ጠይቀው።»

ጠየቀው። ሙሳ እየተርበተበተ መለሰ፤ ጃጃ እንሂድ ካለች አንሄድም ማለት ነውር ነው አለ። ማማ ጁሊየትም ታወሰችኝ፤ ልብስ ሳሰጣ ሰማዩን ያየች፣ ከዚያ እጇን ያውለበለበችልኝ። የኛ ይሉኝታና የነሱ ክብር ተባብረው እኔን ሐይቅ ውስጥ ሊከቱኝ! መጀመሪያ ተናደድኩ፣ እውነት ተናደድኩ፤ ከዚያ ሳቅ መጣብኝ። ዮናስ እብደት መስሎት ደነገጠ።

«ከዛሬ ጀምሮ ስሳሳት ተሳስተሻል በሉኝ። አደራችሁን» አልኩ። «ጮኻችሁ ጭምር።»

«እሺ እታለም» አለ ዮናስ።

«እሺ አትበለኝ!»

ዝናቡ አባራ፤ ሞተሩ ግን እንቢ አለ። ሙሳ ፈታው፣ አደረቀው፣ ገጠመው፤ እንቢ። ስልክ አይሠራም፤ ሰላም ምን ሆነው ይሆን እያለች ነው። ፀሐዩ እየጋለ ሄደ፣ ከቀትርም አለፈ። እኔ አሸዋው ላይ ወዲያና ወዲህ እላለሁ። ማንንም መውቀስ አልችልም፣ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለዚህች ልጅ እንድደርስ ብቻ ብዬ ጸለይኩ፤ ሌላ ነገር ከዚያ በኋላ አልጠይቅህም ብዬም ቃል ገባሁ። እንደማልጠብቀው እሱም ያውቃል።

በኋላ ደረቅ ሙኬኔ የጫነች ትልቅ ጀልባ ወደ ፖርት ቤል ስታልፍ ሰዎቹ ጨርቅ አውለብልበው ጠሯት። ቦታ የለም፣ ጆንያው ላይ ከተቀመጣችሁ ግን አሉን። ሙሳ ሞተሩን እንዳይተው እዚያው ቀረ፤ በሁለት እጁ እጄን ይዞ ተሰናበተኝ። በዚያ ስጥ ላይ ቁጭ ብዬ ጸጥ ባለው ሐይቅ ላይ ሄድኩ። ውኃው እንደ ዓርቡ ለስልሶ ነበር፣ ሰማዩ ላይ ደመና የለም። ሴትዮዋ በቴሌቪዥን እንዳለችው።

ማኪንድዬ ስንደርስ ገና አልመሸም። ሰላም ልጇን ታቅፋ በር ላይ ቆማለች። ስታየን መጥታ አቀፈችኝ፣ ከዚያ ወዲያው ራቀችኝ።

«ዓሣ ዓሣ ትሸቻለሽ» አለችና ለቅሶዋን ለቀቀችው።

ማማ ጁሊየት ውኃ አሞቀችልኝ። ፀጉሬን ሦስቴ ብታጠብ የሙኬኔው ሽታ አልወጣም። ሰላም መጥታ አሸተተችኝና «ነገ ዕጣኑ ይሸፍነዋል» አለችኝ።

እሑድ

ክርስትና በማለዳ ነው፣ ማለዳው ደግሞ የሐይቁ ነው። ይህን አሁን እኔም አውቃለሁ። ስለዚህ ዮናስ ገና ጨለማው ሳይገፈፍ ሲቀሰቅሰኝ «ዝናቡ ሳይመጣ እንውጣ፤ ቢዘንብም እዚያው ይዝነብብን» አለኝ፤ ሳልከራከር ተነሣሁ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ስንደርስ ነጎድጓዱ ጀመረ።

ሰላም ከወለደች ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን አልገባችም ነበር፤ ሕጉ ነው። ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆመች። ሰዉ ሁሉ የኛው ሰው ነው፤ ነጋዴው፣ ምግብ ቤት ያላቸው፣ ቢሮ የሚሠሩት፤ ከዝናቡ እየሮጡ ይገባሉ፣ ነጠላቸውን ይጨምቃሉ። ሽሮ ሜዳ ያለሁ ይመስላል፣ የደጁ የሙዝ ቅጠል ባይኖር። ሕፃኗ የሰፋሁትን ለብሳለች። የጭቃው ምልክት የለም።

ጸሎቱ ተጀመረ። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ቄሱ የሚሉት በግማሽ ነው የሚሰማው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ዲያቆኑ ጠጋ ብሎ ያዳምጣል። እኔ ዘንበል ብዬ የሕፃኗን እግር ነጠላ እየሸፈንኩ ሳለሁ ቄሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሕዝቡን ጠየቁ።

«እናቷ የት አለች? የክርስትና እናቷ!»

ሰው ሁሉ ዞር ዞር አለ። እኔም አብሬ ዞር ዞር አልኩ። ከኋላዬ ያሉትን ሴቶች አየሁ፣ ከግድግዳው ሥር የተቀመጡትን አየሁ፤ ከመካከላቸው የምትነሣውን እየጠበቅሁ ነበር። የልጅ እናት ብሎ እኔን ጠርቶኝ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ጆሮዬ አልለመደውም።

«እታለም» አለችኝ ሰላም፣ ክንዴን ይዛ። «አንቺ ነሽ እኮ።»

«አለሁ» አልኩ። ቄሱ አልሰሙኝም፣ ዝናቡ ነው። እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «ማን?» አሉ።

«እኔ ነኝ!» ብዬ ጮኽኩ። «እናቷ እኔ ነኝ!»

ከዝናቡም በላይ ተሰማ መሰለኝ፣ ሰዉ ሳቀ። ዮናስም ሳቀ። ሰላም ግን አልሳቀችም። ሁለት እጇን ዘርግታ ልጇን ሰጠችኝ።